«ነፍስ የላቸውም» ብሎ የወሰነው ማን ነው? የባሪያ ንግዱ ሲጀመር አውሮፓውያን አፍሪካውያንን በምን ዓይን ያዩ ነበር?

ሰሌዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። «ቤተ ክርስቲያን አፍሪካውያን ነፍስ የላቸውም ብላ ወሰነች፤ የባሪያ ንግዱም በዚያ ተፈቀደ» የሚል ነገር በየጽሑፉና በየቪዲዮው ይደጋገማል። ውሳኔው መቼ፣ የት፣ በማን እንደተሰጠ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይምታታል። አንዱ የ1452ቱን የፓፓ ደብዳቤ ይጠቅሳል፣ ሌላው በ1550 ቫያዶሊድ ላይ የተደረገውን ክርክር። በዚያው ዘመን ደግሞ የፖርቱጋል ንጉሥ ከኮንጎ ንጉሥ ጋር «ወንድሜ» እየተባባለ ይጻጻፍ ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

የምፈልገው ይህ ነው፦ ውሳኔ የተባለው ሰነድ አለ ወይስ የለም? ከሌለ ሰው መሆናቸውን መካድ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ዓይነት ጽሑፍ ላይ ነው የሚታየው? ዋናውን ሰነድ ማንበብ የሚፈልግ ሰውስ የት ላይ ሊሳሳት ይችላል? ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብታደርጓቸው ለማመሳከር ይመቸኛል።

ፊደል_ቆጣሪ

ሰነዱ የለም። ቀኑን የሚጠቅስ ሰው የማይገኘውም ሰነዱ ስለሌለ ነው። ያለው ነገር ግን ከተረቱ የባሰ ይመስለኛል፤ ነፍስ እንዳላቸው አምነው ነው የሸጧቸው፣ ነፍሳቸውንም ለሽያጩ ምክንያት አደረጉት።

ከመጀመሪያው ዋና ምስክር እንነሣ። ኦገስት 8 ቀን 1444፣ በፖርቱጋል ደቡብ ጠረፍ ላጎስ በምትባል ወደብ (የናይጄሪያዋ አይደለችም) ላንሳሮቴ ደ ፍሬይታስ የመራቸው መርከቦች 235 ምርኮኞች አራገፉ። የተያዙት ከዛሬዋ ሞሪታንያ፣ ከአርጊን አካባቢ ነው። ልዑል ኤንሪኬ፣ ያ «መርከበኛው» የሚባለው፣ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ክፍፍሉን ተመለከተ። ከምርኮው አምስተኛው እጅ የእሱ ስለነበር 46 ሰው ደረሰው። ይህን የጻፈልን የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጸሐፊ ጎሜስ ኤያኔስ ደ ዙራራ ሲሆን ዜና መዋዕሉን የጨረሰው በ1453 ነው።

ዙራራ የልዑሉ አወዳሽ ነው፤ የተከፈለውም ለዚያ ነው። ሆኖም የዚያን ቀን ለቅሶ አልደበቀም። አባት ከልጅ፣ ባል ከሚስት፣ ወንድም ከወንድም ሲለያይ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው መሬት ላይ ሲደፉና ዱላው በጀርባቸው ላይ ሲያርፍ አንድ በአንድ ይተርካል። የአዳም ልጆች መሆናቸውን እያሰበ እንባው እንደሚመጣም ይጽፋል። ለልዑሉ የደረሱትን 46 ሰዎች የሚቆጥራቸው «ነፍስ» እያለ ነው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ እስከዚያ ጊዜ ወደ ፖርቱጋል የመጡትን ደምሮ 927 ይላል፤ ወዲያው የሚያክለው አብዛኞቹ ወደ መዳን መንገድ መመለሳቸውን ነው። ለቅሶውና ደስታው በዚህ ይታረቁለታል፤ ሥጋቸው ቢታሰርም ነፍሳቸው ነጻ ወጣች ባይ ነው። ነፍስ የላቸውም ብሎ ቢያምን ኖሮ ልዑሉን የሚያመሰግንበት ነገር ባጣ ነበር።

ይህ ማለት ንቀት አልነበረም ማለት አይደለም። በዚያው ምዕራፍ ምርኮኞቹን በቀለም ይደረድራል፦ አንዳንዱ ነጣ ያለና መልከ መልካም፣ አንዳንዱ ጠየም ያለ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ከመጥቆራቸውም ከማስቀየማቸውም የተነሣ ከታችኛው ዓለም የመጡ ምስሎች እስኪመስሉ ድረስ። ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ የቀድሞ ኑሯቸው እንደ አውሬ ነበር ይላል፤ ማስረጃ ብሎ የሚቆጥረው ዳቦና ወይን፣ ልብስና ቤት አለማወቃቸውን ነው። ልብ በሉ፣ «እንደ አውሬ» ያለው አኗኗራቸውን ነው። አኗኗር ይለወጣል፤ ተፈጥሮ አይለወጥም። ከ200 ዓመት በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ይህችን ድንበር ነው ያፈረሷት።

የካም እርግማንም እዚያው አለ። አንታኦ ጎንሳልቬስ የተባለ ፖርቱጋላዊ መርከበኛ አንድ የተማረከ ባላባት መልሶ በምትኩ ጥቁር ባሪያዎች የተቀበለበትን ታሪክ ሲጽፍ፣ ጥቁሮቹ ለሌሎቹ ባሪያ የሆኑት ኖኅ ከጥፋት ውኃ በኋላ በልጁ ላይ ባወረደው እርግማን ነው ብሎ ይገምታል። ስሙን «ካም» ሳይሆን «ቃየል» በሚመስል አጻጻፍ ስላስቀመጠው ብዙ አንባቢ ግራ ይጋባል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9ን የከፈተ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል፤ የተረገመው ከነዓን ነው፣ ስለ ቆዳ ቀለምም አንድ ቃል የለም።

አሁን ወደ ፓፓዎቹ ደብዳቤዎች። ፓፓ ኒኮላስ 5ኛ በጁን 18 ቀን 1452 «ዱም ዲቬርሳስ» የተባለውን ለፖርቱጋል ንጉሥ ሰጠ፤ እስላሞችን፣ አረማውያንንና ሌሎች የክርስቶስ ጠላቶችን ወግቶ ወደ ዘላለም ባርነት እንዲያስገባ ይፈቅድለታል። በጃንዋሪ 8 ቀን 1455 የወጣው «ሮማኑስ ፖንቲፌክስ» የምዕራብ አፍሪካን ጠረፍ ለፖርቱጋል ብቻ ያደርጋል፤ ከጊኒ በኃይልም በግዢም ከመጡት ጥቁሮች ብዙዎቹ መጠመቃቸውንም በደስታ ይጠቅሳል። ሁለቱም ከባድ ሰነዶች ናቸው፤ ለንግዱ ሕጋዊ ሽፋን ሆነዋል። መለኪያቸው ግን እምነት ነው፤ ስለ ነፍስ አለመኖር አያወሩም፣ ሊያወሩም አይችሉም ነበር፤ ነፍስ የሌለው ፍጡር «አረማዊ» አይባልማ።

የስፔኗ ቫያዶሊድ ክርክር (1550 እና 1551) ደግሞ ጭራሽ ስለ አፍሪካውያን አልነበረም። ላስ ካሳስ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴና ሴፑልቬዳ የተባለ ስፔናዊ ሊቅ የተከራከሩት ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው፤ ነፍስ አላቸው ወይ በሚል ሳይሆን ከስብከት በፊት በጦር ማስገበር ይገባል ወይ በሚል። ሴፑልቬዳ የጠቀሰው «በተፈጥሮ ባሪያ የሆነ ሰው አለ» የሚለውን የአርስጣጣሊስን ሐሳብ ነው። በ1537 ፓፓ ጳውሎስ 3ኛ ያወጣው «ሱብሊሚስ ዴውስ» ነባር ሕዝቦቹ እውነተኛ ሰዎች መሆናቸውንና ባሪያ ሊሆኑ እንደማይገባ ተናግሮ ነበር፤ ወደፊት የሚታወቁ ሌሎች ሕዝቦችንም ይጨምራል። የአፍሪካውያንን ንግድ ግን አላስቆመም። ላስ ካሳስ ራሱ በ1516 ለነባሮቹ አዝኖ ጥቁር ባሪያዎች እንዲመጡ ሐሳብ አቅርቧል፤ በስተርጅና በጻፈው ታሪኩ ላይ የጥቁሮቹም ባርነት እንደ ነባሮቹ ግፍ እንደነበር ገብቶት ተጸጽቷል።

መዝገብ_አገላባጭ

ፊደል_ቆጣሪ ባለው ላይ ተቃውሞ የለኝም። ዜና መዋዕልና የፓፓ ደብዳቤ ብቻ ካነበባችሁ ግን ግማሹ ይቀራችኋል። ነጋዴው ስለ ነፍስ ከማንም አልተከራከረም፤ መዝገቡን ነው የሞላው።

የፖርቱጋል ዘውድ በ1486 ሊዝበን ላይ «የባሪያዎች ቤት» የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በእንዲህ ያሉ መዝገቦች ሰው የሚቆጠርበት ቃል «ፔሳ» ነው፤ በእኛ አነጋገር «ፍሬ» እንደማለት፣ ጨርቅም የሚቆጠርበት ቃል ነው። ቄሱ «ነፍስ» ሲል የቀረጥ ሹሙ «ፔሳ» ይላል፤ ሁለቱ ቃላት በአንድ ወደብ፣ በአንድ ሰው ላይ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር።

እየቆየ ከዚህም አልፎ «ፒየሳ ደ ኢንዲያስ» የሚል መለኪያ ወጣ። ይህ የአንድ ሰው ስም አይደለም፤ የሒሳብ አሃድ ነው። አንድ ሙሉ ፒየሳ የሚባለው ጤነኛ፣ በጉልምስናው መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ቁመቱ 7 ስንዝር የደረሰ ሰው ነው። ቁመቱ ያጠረ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ጥርሱ የጎደለ ወይም ዓይኑ የታመመ ተቀናሽ ይደረግበታል፤ ልጆች በክፍልፋይ ይቆጠራሉ፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከእናቱ ጋር በነጻ ያልፋል። መቀነሻው ከውል ውል ይለያያል። የሚለካበት ሥራ ስንዝርን መሠረት አድርጎ «ፓልሜዮ» ይባል ነበር። ቀረጡ ሲከፈል የንጉሡ ምልክት በጋለ ብረት ቆዳው ላይ ይታተማል፤ ማለትም የደረሰኙ ወረቀት የሰውዬው ገላ ነው። ስፔን ይህን የቀረጥ ማኅተም ያስቀረችው በ1784 ነው።

ሰነድ ለሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ትልቅ ወጥመድ አለ። በ1713 እንግሊዝ ከስፔን ያገኘችው «አሲየንቶ» (ለስፔን ቅኝ ግዛቶች ባሪያ የማቅረብ ፈቃድ) ውል በዓመት 4,800 ፒየሳ ለ30 ዓመት ይላል፤ ድምሩ 144,000 ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን «144,000 ሰው» ብሎ ይተረጉመዋል። ስሕተት ነው፦ በአንድ በኩል የተቆራረጡት ክፍልፋዮች ሲደመሩ አንድ ፒየሳ ከአንድ ሰው በላይ ሊይዝ ይችላል፤ በሌላ በኩል ውል የታቀደው ነው እንጂ የተጫነው አይደለም። ለአንድ ፒየሳ የተተመነው ቀረጥ 33 ከ1/3 ፔሶ ነበር፤ ስለዚህ ነጋዴው ሰዎቹን በተቻለ መጠን «ጎዶሎ» አድርጎ ማስመዝገብ ይጠቅመዋል፣ ሹሙ ደግሞ «ሙሉ» ማድረግ። ስለ አንድ ልጅ ቁመት ወደብ ላይ የሚጨቃጨቁት ለዚህ ነው። የሰዎቹን እውነተኛ ቁጥር የፈለገ የመርከቦቹን ጉዞ ይመልከት፤ ከጉዞ መዝገቦች የተሠራው ግምት በ350 ዓመት ገደማ ከአፍሪካ ጠረፍ ወደ 12.5 ሚሊዮን ሰው ተጭኖ ወደ 10.7 ሚሊዮን የሚሆነው በሕይወት እንደደረሰ ያሳያል።

አሁን የቄሱን ሥራ እዩት። አሎንሶ ደ ሳንዶቫል በካርታሄና (በዛሬዋ ኮሎምቢያ) ወደብ ላይ የሚሠራ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ የኢየሱስ ማኅበር ቄስ) ነበር፤ በ1627 ሴቪያ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ በአንጎላዋ ወደብ በሉዋንዳ የሚደረገውን ጥምቀት ይገልጻል። መርከቡ ሊነሣ ሲል ምርኮኞቹ ይሰለፋሉ፤ ቄሱ በወረቀት የተጻፈ ስም ያድላል፣ ምላሳቸው ላይ ጨው ያደርጋል፣ ውኃ ያፈስባቸዋል። በአስተርጓሚም ከእንግዲህ የእግዚአብሔር ልጆች ናችሁ፣ አገራችሁን እርሱ፣ የውሻና የአይጥ ሥጋ አትብሉ፣ ደስ ብሏችሁ ሂዱ ይባላሉ። በቃ። ብዙዎቹ ጨውና ውኃው ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ አስማት መስሎት የፈራም ነበር። ሳንዶቫል ካርታሄና ላይ የሚያደርገው ምርመራ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ውኃው በእርግጥ ነክቶሃል? ትርጉሙን በምትሰማው ቋንቋ የነገረህ ሰው ነበር? አንተስ ተስማምተህ ነበር? አንዱ ከጎደለ እንደገና ያጠምቃል። «ተስማምተህ ነበር?» የሚለውን አስተውሉ። ለጥምቀቱ ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ለመሸጡ ግን አይጠየቅም።

ሳንዶቫል እነዚህ ሰዎች በአግባቡ የተያዙ ናቸው ወይ ብሎ ሕሊናው ስለቆረቆረው ለሉዋንዳው የኢየሱሳውያን ኮሌጅ አለቃ ለሉዊስ ብራንዳኦ ጻፈ። በ1610 የመጣው መልስ አትጨነቅ የሚል ነው፦ ሊዝበን ያለው የንጉሡ የሕሊና ጉዳይ ጉባኤ አልተቃወመም፣ ሊቃውንት የሆኑት አባቶቻችን አልተቃወሙም፣ እኛም ራሳችን እንገዛለን። በግፍ የተያዙ ጥቂቶች ይኖራሉ፣ ለይቶ ማግኘት ግን አይቻልም፤ ለጥቂቶች ተብሎ የሚድኑትን ብዙ ነፍሳት ማጣት ደግሞ ለእግዚአብሔር አገልግሎት አይመችም። የነፍስ ክርክር ወዴት ሊወስድ እንደሚችል ከዚህ ደብዳቤ የበለጠ የሚያሳይ አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አስከሬን። የፖርቱጋሉ ማኑኤል 1ኛ ከጊኒ የመጡ አዋቂ ባሪያዎች በ6 ወር ውስጥ እንዲጠመቁ፣ አለዚያ ጌታው እንዲያጣቸው ደንግጓል። ይኸው ንጉሥ በኖቬምበር 13 ቀን 1515 ለሊዝበን ከተማ በጻፈው ደብዳቤ የሞቱ ባሪያዎች በየሜዳው እየተጣሉ ውሻ ስለሚበላቸው ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ እየተጣሉ ኖራ ይነስነስባቸው ይላል። ቦታው ዛሬም «የጥቁሮች ጉድጓድ» የሚል የመንገድ ስም ይዟል። ላጎስ ላይ ደግሞ በ2009 ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ የድሮ ቆሻሻ መጣያ ላይ፣ 158 አፅሞች ተቆፍረው ወጡ፤ ጥቂቶቹ እንደታሰሩ የተጣሉ ይመስላሉ። ድንጋጌውንና አፅሙን ለየብቻ ያነበበ ሰው ሁለት የተለያየ አገር ይመስለዋል።

ነገረ_ሕግ

«መካዱ ከመቼ ጀምሮ?» ለሚለው የሕግ መጻሕፍትን በቅደም ተከተል መደርደር ይበጃል።

በኢቤሪያ (በስፔንና በፖርቱጋል) መነሻው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የካስቲል የሕግ መጽሐፍ «ሲዬቴ ፓርቲዳስ» ነው። ባርነት ከተፈጥሮ ጋር የሚጋጭ ነገር ነው ይላል፤ ግን ይፈቅደዋል። ባሪያው ጌታው ያለ ልክ ቢያሠቃየው ዳኛ ፊት ሊጮህ፣ ሊያገባ፣ አርነት ሊወጣ ይችላል። የሥነ መለኮት ሊቃውንቱ አራት «ፍትሐዊ» መንገዶች ይቆጥሩ ነበር፦ በፍትሐዊ ጦርነት መማረክ፣ በወንጀል መፈረድ፣ በችግር ምክንያት ራስን ወይም ልጅን መሸጥ፣ ከባሪያ እናት መወለድ። አንዱም ሰው አለመሆንን አይጠይቅም። እንዲያውም የሚሠሩት በሰው ላይ ብቻ ነው፤ በሬ አይፈረድበትም፣ በሬ ራሱን አይሸጥም።

ኢንኩዊዚሲዮንም (የካቶሊክ ሃይማኖት ጥፋት የሚዳኝበት ችሎት) ባሪያዎችን በጥንቆላና በስድብ ከሷል። እየተገረፈ ክርስቶስን የካደ ባሪያ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ለመቅጣት አእምሮና ፈቃድ እንዳለው ማመን ግድ ነው።

ለውጡ ጎልቶ የሚታየው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእርሻ ቅኝ ግዛቶች ነው። በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችውን ቨርጂኒያን በሦስት ሕግ ተከተሏት፦

1662፦ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የሚከተለው አባቱን ስለነበር ይህ ግልብጥ ነው፤ ጌታ ከባሪያው የወለደው ልጅ ራሱ ንብረት ሆነ።

1667፦ ጥምቀት ባርነትን አያስቀርም። ከዚህ በፊት ጌቶቹ «ከተጠመቀ ነጻ ይወጣብናል» ብለው ይፈሩ ነበር፤ ሕጉ ፍርሃቱን አነሣው። የዙራራ ዘመን መለኪያ፣ እምነት፣ እዚህ ላይ ሥራውን አቆመ። ክርስቲያን ሆኖም ባሪያ የሚያደርገው ሌላ ምክንያት መፈለግ ነበረበትና ቦታውን የያዘው የትውልድ ሐረግና ቀለም ነው።

1669፦ ጌታ ሲቀጣው የሞተ ባሪያ እንደ ነፍስ ግድያ አይቆጠርም፤ ማንም ሰው የገዛ ንብረቱን ሆን ብሎ ያጠፋል ተብሎ አይገመትምና። ይህችን «አይገመትምና» ሁለት ጊዜ አንብቧት። የሟቹ ሰውነት አልተካደም፤ ተዘለለ እንጂ። የገዳዩ ሐሳብ የሚለካው በኪሳራው ነው።

የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች የባሪያ ሕግ «ኮድ ኑዋር» (ማርች 1685፣ 60 አንቀጽ) ደግሞ ሁሉንም በአንድ ሰነድ ያከማቻል። አንቀጽ 2 ባሪያዎች ሁሉ ተጠምቀው የካቶሊክ ሃይማኖት እንዲማሩ ያዛል። አንቀጽ 30 ምስክርነታቸው ማስረጃ አይሆንም ይላል። አንቀጽ 32 በወንጀል ይከሰሳሉ ይላል። አንቀጽ 38 አንድ ወር የኮበለለ ጆሮው ተቆርጦ ትከሻው ላይ እንዲታተም፣ ሁለተኛ ቋንጃው እንዲቆረጥ፣ ሦስተኛ እንዲሞት ያዛል። አንቀጽ 44 ተንቀሳቃሽ ንብረት ናቸው ይላል። ስለዚህ «ኮድ ኑዋር ሰው አይደሉም ይላል» የሚል ሰው አንቀጽ 44ን ብቻ አንብቧል፤ «ሰብአዊ ነበር» የሚል ደግሞ አንቀጽ 2ን። ሰውነታቸው ለቅጣትና ለጥምቀት ሲፈለግ ይወጣል፣ ለውርስና ለዕዳ ሲሆን ይገባል።

«በእርግጥ ሰው አይደሉም» የሚለው አባባል በሕትመት በግልጽ ሲታይ ከማገኛቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ የእንግሊዛዊው ቄስ የሞርጋን ጎድዊን መጽሐፍ ነው፣ 1680። ቨርጂኒያና ባርቤዶስ ያገለገለ ነው። የእርሻ ጌቶቹ፣ የሰው መልክ ቢኖራቸውም ሰው አይደሉም እያሉ እንደሚያወሩ ይመሰክርና ያፈርሰዋል፦ ይናገራሉ፣ ይስቃሉ፣ ያነባሉ፣ እጀ ጥበብ ይማራሉ፤ ሰው ካልሆኑ የሥራ አለቃ አድርጋችሁ ለምን ትሾሟቸዋላችሁ? አባባሉ ከየት እንደመጣም ይናገራል፤ ማስተማርና ማጥመቅ ጊዜና ገንዘብ ስለሚያስወጣ ነው። እሱም ቢሆን ባርነቱ ይቅር አላለም፤ የተጠመቀ ባሪያ ታዛዥ ይሆናል ነው የሚለው።

ሰውን በዘር የሚከፍለው ሳይንስ መሳይ ክፍፍል ገና ኋላ ነው፦ ፈረንሳዊው በርኒዬ 1684፣ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1735 ጀምሮ በ1758 እትሙ ጠባይ ጭምር እየለጠፈ። ይህን ወደ 1444 ጎትቶ ማንበብ ነው ዋናው ስሕተት።

ሰሌዳ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። የሳንዶቫል መጽሐፍ የላቲን ርዕስ ላይ «ኤትዮፑም» የሚል ቃል አለ። ዙራራም «እንደ ኢትዮጵያውያን ጥቁር» ብሏል። ስለ እኛ ነው ወይስ ሌላ ነው?

የድሮ_ካርታ

ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ላቲንና ፖርቱጋልኛ «ኤትዮፕ» ማለት ማንኛውም ጥቁር ሰው ነው፤ ከግሪኩ የወረሱት ነው። በድሮ ካርታዎች ላይ የደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ራሱ «የኢትዮጵያ ባሕር» ይባላል። ሳንዶቫል የሚጽፈው ስለ ሴኔጋምቢያ፣ ስለ አንጎላ፣ ስለ ኮንጎ ሰዎች ነው። በአማርኛ «ኢትዮጵያውያን» ብሎ መተርጎም አንባቢን ያሳስታል፤ «ጥቁሮች» ይሻላል። በተቃራኒው ደግሞ የክርስቲያኑን መንግሥት ሲፈልጉ «የቄሱ ዮሐንስ አገር» ይሉታል፣ አንዳንዴም «ህንድ» ውስጥ ያስቀምጡታል።

ዓመቶቹን ብታጋጥሙ ነገሩ ይገርማል። አንታኦ ጎንሳልቬስ ከሰሃራ ጠረፍ የመጀመሪያዎቹን ምርኮኞች ይዞ የሄደው በ1441 ነው። በዚያው ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከኢየሩሳሌም ገዳም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ገብተው እዚያ በተሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት በክብር ቆሙ። መልዕክተኞቹ መምጣታቸው በ1445 በተጠናቀቀው በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ ተቀርጿል። መልካቸው ጥቁር ነው፤ የለያቸው ጥምቀታቸው ነው።

ክርስትናው ግን እስከ መጨረሻ አላስከበረም። የዐፄ ልብነ ድንግል መልዕክተኛ ጸጋ ዘአብ ከ1527 ጀምሮ ሊዝበን ቆይቶ፣ የንጉሡ ሊቃውንት በሰንበትና በግዝረት ጉዳይ ስለጠረጠሩት ቁርባን ተከለከለ። ቅሬታውን የያዘውን ጽሑፉን ፖርቱጋላዊው ሊቅ ዳሚያኦ ደ ጎይስ በ1540 አሳተመው። እዚያ ላይ የምታነቡት የሰው ወይስ እንስሳ ክርክር አይደለም፤ የሃይማኖት ጥርጣሬ ነው።

ኮንጎም እንዲሁ። ንጉሡ ንዚንጋ አ ንኩዉ በ1491 ተጠመቀ። ልጁ አፎንሶ 1ኛ ከፖርቱጋል ነገሥታት ጋር እንደ እኩያ ይጻጻፍ ነበር፤ የእሱን ልጅ ሄንሪኬን ፓፓ ሊዮ 10ኛ በ1518 በጵጵስና ሾመው። በጁላይ 1526 አፎንሶ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለዦአኦ 3ኛ በጻፈው ደብዳቤ ነጋዴዎቻችሁ የባላባት ልጆችን፣ ዘመዶቻችንን ሳይቀር እየያዙ አገሩን ባዶ እያደረጉት ነው ብሎ ይከሳል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ባሪያ የሚገዛ ሁሉ አስቀድሞ ለሦስት ሹሞች እንዲያሳውቅና እነሱም የተያዘው ሰው ነጻ መሆን አለመሆኑን እንዲያጣሩ ማዘዙን ይናገራል። ይህን ደብዳቤ «ባርነትን የተቃወመ ንጉሥ» ብሎ መጥቀስ የተለመደ ስሕተት ነው። አፎንሶ ራሱ ምርኮኛ ይሸጥ ነበር፤ የተቃወመው ነጻ ኮንጎዎች መያዛቸውን ነው። ያም ቢሆን ሦስት ሹም ለአንድ መንግሥት ምን ይበቃል?

ፊደል_ቆጣሪ

የተቃወሙት አውሮፓውያን ስላልተነሡ ሁለት ሦስቱን ልበል፤ «በዘመኑ ሁሉም እንዲያ ያስብ ነበር» የሚለውን ይመልሳሉና። የሴቪያን ገበያ ጠንቅቆ የሚያውቀው ቶማስ ደ መርካዶ በ1571 ባሳተመው መጽሐፍ ከኬፕ ቨርዴ 500 ሰው ጭና በተነሣች መርከብ ላይ በአንድ ሌሊት 120 ታፍነው ማደራቸውን ይጽፋል። በመርሕ ደረጃ ንግዱ ይፈቀዳል ይላል፤ በሚሠራበት አኳኋን ግን የሞት ኃጢአት ስለሆነ ነጋዴው ይራቅ ይላል። ባርቶሎሜ ደ አልቦርኖስ በ1573 ከዚህ አልፎ መርሑን ራሱ ጠየቀ፤ የነፍስ ነጻነት በሥጋ ባርነት ይከፈላል የሚል ሕግ ከክርስቶስ አላገኘሁም ባይ ነው።

በ1681 እና 1682 ሃቫና ላይ ፍራንሲስኮ ሆሴ ደ ሃካና ኤፒፋኒዮ ደ ሞዋራን የሚባሉ ሁለት ካፑቺኖች (የካቶሊክ መነኮሳት)፣ ባሪያውን አርነት ያላወጣና የሠራበትን ደመወዝ ያልከፈለ ሰው ንስሐው አይፈታም አሉ። ደመወዙንም! ታስረው ወደ ስፔን ተላኩ። በ1684 ደግሞ ከኮንጎና ከአንጎላ ነገሥታት ዘር ነኝ ያለ ሎሬንሶ ዳ ሲልቫ የጥቁሮች ማኅበራትን ወክሎ ሮም ላይ አቤቱታ አቀረበ። የፓፓው የሃይማኖት ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የሮም ቅዱስ ጽሕፈት ቤት፣ በማርች 20 ቀን 1686 መልስ ሰጠ፦ ጥቁሮችን በኃይልም በማታለልም መያዝ፣ በግፍ የተያዘውን መግዛት አይፈቀድም፤ ገዢው አስቀድሞ ያጣራ፤ የያዘው ይልቀቅ፣ ይካስ። ጽሑፉ ግልጽ ነው። የሚያስፈጽም ዳኛ ግን ማንም አልሾመም፤ መዝገብ_አገላባጭ የጠቀሰው የ4,800 ፒየሳ ውል የተፈረመው ከዚህ መልስ 27 ዓመት በኋላ ነው።

ለማንበብ ስትቀመጥ ደግሞ አንዲት ቃል ጠብቅ። ዙራራ ምርኮኞቹን በጅምላ «ሞር» (የሰሜን አፍሪካ እስላሞች የሚጠሩበት ስም) ይላቸዋል፣ ጥቁሮቹን «ጥቁር ሞር» እያለ። ትርጉሞች ግን አንዱን ቦታ «እስላም»፣ ሌላውን «አረብ»፣ ሌላውን «ጥቁር» እያሉ ስለሚለዋውጡት ከየትኛው ሕዝብ እንደሚያወራ ይጠፋል። የ235ቱን ሰዎች ማንነት ለማወቅ የምዕራፉን ቁጥር ይዘህ ከፖርቱጋልኛው ጋር ቃል በቃል አስተያየው፤ ምዕራፍ 24 እና 25 ይበቁሃል፣ የእርግማኑ ነገር ደግሞ ምዕራፍ 16 ላይ ነው።